አይታለች የተባልኩበት ካርታ

በመዝገብ እንዲቀመጥልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው፤ ያላየሁትን ካርታ አይታለች፣ ያልተስማማሁበትን ድንበር ተስማምታለች ተብሎ በስሜ ተጽፎብኛል። አልፈረምኩም፤ ጣቴንም ቀለም አላስነካሁም። ያም ሆኖ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከስሜ ጎን «አዎ» የሚል ቃል ተቀምጦ ተገኘ። «ማነው ያለው?» ብዬ ስጠይቅ «እርስዎ ነዎት» አሉኝ። የሰዎቹን ስም አልጽፍም፣ የመሥሪያ ቤቱንም አልጽፍም። ቦንጋ ትንሽ ከተማ ናት፤ የሚያውቃቸው ያውቃቸዋል። የማያውቃቸው ደግሞ ነገሩን ብቻ ይወቅልኝ።

ጓሮዬ ከቤቴ ጀርባ ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ጅረቱ ይወርዳል። ላይኛው ክፍል እንሰት ነው። ከእንሰቱ በታች ባለቤቴ ማንኪራ ካሉ ዘመዶቹ ችግኝ አምጥቶ የተከላቸው ቡናዎች አሉ። ከቡናው ሥር ውሃው ነው። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ልጆቼን ያሳደግኩት በዚያ በታችኛው ቁራጭ ነው፤ ቡናውን ለቅሜ ሸጬ፣ ከውሃው ዳር ጎመን አብቅዬ። እሱ ከሄደ የሚተርፈኝ ቤትና ጥቂት እንሰት ብቻ ነው። ይህን ለማንም ሳስረዳ ዓመት አልፎኛል።

ነገሩ በተጀመረበት ዓመት ክረምት፣ ኢሕአዴግ ገና በወንበሩ ላይ ሳለ፣ ሁለት ሰዎች በእጃቸው ጂፒኤስ የሚሉትን መለኪያ ይዘው ሳያንኳኩ ጓሮዬ ገቡ። ሰላምታ አልሰጡም። በእንሰቱ መካከል አልፈው ቡናው ጋ ሲደርሱ ቆሙና ተመለሱ።

«ጅረቱ ጋ አልደረሳችሁም እኮ» አልኳቸው።

አንደኛው ጫማውን አሳየኝ። «ጨቅይቷል፣ እማማ። ከዚህ ወዲያ ያለው ከሳተላይት ይታያል።»

ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁት። ዳመና ብቻ ነው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ መስታወቷ የጠቆረ መኪና ከጅረቱ ማዶ እየመጣች ትቆም ነበር። የሚወርድ ሰው የለም፤ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆይታ ትሄዳለች። ሎጅ ሊሠራ ነው የሚል ወሬ ገበያውን ሞላው።

ነሐሴ ላይ የአንድ ለአምስታችን መሪ አጥሬ ጋ ቆማ ጠራችኝ። ቤት ለቤት እየዞረች ስለነበር ድምጿ ደክሟል።

«ነገ ሁለት ሰዓት ተኩል አዳራሽ። የየቤቱ ካርታ ግድግዳ ላይ ይታያል። ባለቤቱ ያያል፣ የግራና የቀኝ ጎረቤት ያያል፣ ትክክል ነው ካላችሁ ትፈርማላችሁ።»

«ያልመጣስ?»

«ያልመጣማ ድንበሩን እንደተወ ይቆጠራል ብለዋል። እኔ ምን ላድርግሽ? የተባልኩትን ነው።»

እኛ ድንበር የምናውቀው በእግር ነው። ሁለት ጎረቤቶች ሽማግሌ መካከላቸው አድርገው ከላይ እስከ ታች አብረው ይሄዳሉ፤ የድንበሩ ተክል ጋ ሲደርሱ ሁለቱም እጃቸውን ያሳርፉበታል። ያልሄደበትን ድንበር «አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ሐሰተኛ ነው። በማግሥቱ አዳራሽ ስገባ መጀመሪያ የጠየቅኩት ይህን ነበር፤ አብረን እንሂድበት። የመሬት ክፍሉ ኃላፊ ሳቀብኝ። «ዘመኑ የቴክኖሎጂ ነው» አለ፤ «በጭቃ መዞር ቀርቷል።»

አሥራ ዘጠኝ አባወራና እማወራ ነበርን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተሰቅሏል፤ ፊት ለፊቱ ፕሮጀክተርና አንድ ላፕቶፕ። ላፕቶፑን የያዘው ባለሙያ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ሚስቱ እኛ ሠፈር ያደገች ናት። የፊት ወንበር ይዤ አንገቴን ሳሰግግ አየኝ።

«እማማ፣ ካርታው እዚህ ውስጥ የለም። ዋናው ኮምፒውተር ያለው ሩቅ ከተማ፣ ዋናው ቢሮ ነው። እኔ ከዚህ ሆኜ በተቆለፈ መስመር እገባበታለሁ። ፕሮግራሙ እዚያ ይሠራል፣ ሥዕሉ ግን በመስመሩ መጥቶ እኛ ጋ ይከፈታል።»

«መስመሩን ማን ቆለፈው?»

«ሌባ እንዳያየው ራሱ ይቆልፋል።»

«እኛስ እናየዋለን?»

«ለእናንተማ ነው የመጣሁት።»

አንሶላው ላይ ጥቁር ነገር ተከፈተ፤ በላዩ ነጫጭ የእንግሊዝኛ ፊደል። ከጎኔ የተቀመጠው ጎረቤቴ ሐጂ፣ በቀኝ የሚያዋስነኝ ባለሱቅ፣ «ይኼ ነው እንዴ መሬታችን? ጠቁሯል እኮ!» አለ። ሐጂ ከሌላ አገር መጥቶ ሠላሳ ዓመት አብሮን የኖረ ሰው ነው፤ በሳቅ ያልፋል ሁሉን። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ባለሙያው የመጀመሪያውን ቤት ቁጥር መታ። አንድ መስመር ጽሑፍ ወጣ።

«ምን አለ?» ኃላፊው ነው።

«‹ስክሪን መክፈት አልቻልኩም› ነው የሚለው።»

ወጥቶ እንደገና ገባ። ሲገባ አንዲት ፊደል ጨመረ፤ «ሥዕሉንም ይዘህ ና» ማለት ናት አለን። ያው መልስ። ወጥቶ ሌላ ፊደል ሞከረ። ያው። ላፕቶፑን አጥፍቶ አስነሣው። ያው። ዋናው ቢሮ ስልክ ደወለ፤ ይጠራል፣ የሚያነሣው የለም። ኃላፊው ከኋላው ቆሞ ሰዓቱን ያያል። የባለሙያው አንገት ላቡ ሲወርድ ይታየኛል፤ ብርድ እየወጋን ነው እሱ የሚያልበው።

በመጨረሻ ከቦርሳው ደብተር አወጣ። ሥልጠና ላይ የጻፈው ነው። አንዱን ገጽ በጣቱ ይዞ አንድ አጭር መስመር እያየ ገለበጠ። ፕሮግራሙ ሥዕሉን የትኛው ስክሪን ላይ እንደሚሥል የሚነግር አድራሻ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። ከዚያ የቤቱን ቁጥር እንደገና መታ።

ስሕተቱ ጠፋ።

ሰው አጨበጨበ። ኃላፊው ትከሻውን መታ መታ አደረገው። አንሶላው ላይ ግን ምንም አልመጣም። ጥቁሩ እንደ ጥቁር ነው፤ አንዲት ትንሽ ነጭ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች።

«አሁን እንቢ አላለም» አለ ባለሙያው። «ተቀብሎኛል። ኔትወርኩ ስለሚያዘግም እየመጣ ነው።»

ጠበቅን። አልመጣም። ሁለተኛውን ቤት መታ፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። እንቢ ሲል ቢያንስ የሚናገር ነገር ነበር። አሁን ቁጥራችንን አንድ በአንድ ይቀበላል፣ ዝም ይላል። የምንልከው ነገር የሆነ ቦታ እየደረሰ እንደሆነ ታወቀኝ፤ የት እንደሆነ ግን እዚያ ካለነው የሚያውቅ አልነበረም። የእኔ ቁጥር ሲመታ ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምኩ። ባዶ ነው።

አሥራ ዘጠኙም አለቀ። ኃላፊው ወረቀት ማደል ጀመረ። «ካርታዬን በስክሪን አይቼ ድንበሬን አረጋግጫለሁ» ይላል፤ ከሥሩ የፊርማ ቦታ አለው።

«አላየንም እኮ» አልኩ።

«ሲስተሙ ዘገየ እንጂ ካርታው አለ። ሪፖርት የሚላክበት ቀን ነው፣ እየፈረማችሁ ሂዱ።»

«ካለ ይታየና እፈርማለሁ።»

«እርስዎን ብቻ ነው ልማት የማይገባዎት? ይኼ ሁሉ ሰው እየፈረመ?»

እውነትም እየፈረመ ነበር። ሐጂ ብዕሩን ተቀብሎ ወደ እኔ ዘወር አለ።

«እትዬ፣ ይፈርሙና እንሂድ። ሱቄ ተዘግቶ ደንበኛዬ ሁሉ ማዶ ሄደ።»

«ሐጂ፣ ሱቅዎ ውስጥ ያላዩትን ዕቃ ‹ተረክቤያለሁ› ብለው ይፈርማሉ?»

«አልፈርምም።»

«እና?»

«ይኼ ዕቃ አይደለማ። ይኼ መንግሥት ነው።» ፈረመ።

ወረቀቱን ባዶውን መለስኩለት። «እኔ ያየሁት አንሶላ ነው» አልኩት ኃላፊውን። «አንሶላ አይቻለሁ የሚል ጻፍልኝ፣ አሁን እፈርማለሁ።» የሳቁ ነበሩ። ኃላፊው አልሳቀም። ስሜን በራሱ ማስታወሻ ላይ ሲጽፍ አየሁት። «ጸረ ልማት አይሁኑ፣ እማማ» አለኝ፤ ቀስ ብሎ፣ ሌላው ሰው እንዳይሰማ አድርጎ።

ጥቅምት ላይ፣ ቡናው መቅላት ሲጀምር፣ አንድ ጠዋት ከታች የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ስወርድ ሦስት ችካል ተተክሏል፤ ጫፋቸው ቀይ ቀለም የተቀባ። የተተከሉት በእንሰቱና በቡናው መካከል ነው። ቡናው በሙሉ፣ ውሃውም፣ ከችካሉ ወዲያ ቀረ።

«የማነው ይኼ?»

«እኛ በካርታው ነው የተከልነው» አለ መዶሻ የያዘው። «ከዚህ በታች ክፍት ቦታ ነው የሚለው።»

«ክፍት? ይኼ ቡና ራሱን ተከለ?»

መዶሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ።

የዚያኑ ዕለት ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ቁጥሬን መታችና የጻፈውን አነበበችልኝ፤ ባለይዞታዋ ካርታውን አይተው ድንበሩን አረጋግጠዋል፤ ቀኑ ያ የአዳራሹ ቀን፤ ሰዓቱ አምስት ከሃያ።

«ፊርማዬን አሳዪኝ።»

ወረቀቱን ፈልጋ አገኘችው። ባዶ ነው። ወረቀቱን እንደያዘች ኃላፊውን ጠራችው።

«ፊርማ ለወረቀት ነው» አለ እሱ፣ ቆሞ። «ሲስተሙ ‹ድንበሩ ትክክል ነው?› ብሎ ጠይቋል፣ ‹አዎ› ተብሏል። ኮምፒውተር አይዋሽም።»

«በዚያ ሰዓት እኔ አንተ ፊት ቆሜ ‹አላየሁም› እል ነበር። አንተ ራስህ ምስክሬ ነህ!»

«የሚያዩት ይኼን ነው» ብሎ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ። «ቅሬታ ካለዎት ቅሬታ ሰሚ ጋ ይሂዱ።»

ቅሬታ ሰሚው ሐሙስ አለኝ። ሐሙስ ስሄድ ስብሰባ ላይ ነው። በሚቀጥለው ሐሙስ ሺሺንዳ ለመስክ ሄዷል ተባልኩ። ቆይቶ መልሱን በጽሑፍ ሰጠኝ፤ «አመልካች ቀርበው ያረጋገጡ በመሆኑ ቅሬታው ተቀባይነት የለውም።» ማኅተሙ ደማቅ ነው። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም ማንበብ አያቅተኝም። ደጋግሜ አነበብኩት። በየጊዜው «ቀርበው» የሚለው ላይ ስደርስ፣ በስሜ የምትገባና የምትወጣ፣ የምትጠየቅና የምትመልስ ሌላ ሴት ያለች እየመሰለኝ መጣ።

የባሰው ሰፈሩ ነበር። «ተስማምታ ነው አሁን የምትጮኸው» የሚሉ ተነሡ። የፈረሙት ይላሉ ይኼን! ሐጂ እንኳ አንድ ቀን ስኳር እየመዘነልኝ ሳያየኝ፣ «እትዬ፣ በኋላ ላይ ሄደው ፈርመው ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሐጂ፣ ሚዛንዎን ይጠብቁ» አልኩት። ስኳሩን ትቼ ወጣሁ።

ባለሙያው መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገር ጀመር። ባጃጅ ውስጥ ካለሁ ሌላ ይጠብቃል። ይህንንም ታዝቤ ያዝኩ። ኅዳር ሊያልቅ ሲል፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በራሱ እግር መጥቶ በሬ ላይ ቆመ። ግባ ብለው አልገባም።

«እማማ፣ የሠራሁትን አውቄዋለሁ።»

«ምን ሠራህ?»

«ሥዕሉ ለምን አልመጣም እያልኩ ስሞክር ነበር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ። አንድ ትንሽ መሞከሪያ አለች፤ ሁለት ዓይን ብቻ ነው የምትሥለው። ሥዕል ይመጣል አይመጣም የሚለውን ለማየት ነው። በዚያ አድራሻ ከፈትኳት፤ አልመጣችም። አሥር ጊዜ ከፈትኳት። ትናንት ከዋናው ቢሮ አንድ ሰው ደወለልኝ፣ በቁጣ። ‹ስክሪኔ ላይ ዓይን እየላክህ የምታስፈራራኝ አንተ ነህ?› አለኝ። ‹እጄን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ሃያ ዓይን ይከተለኛል› አለኝ።»

ሊስቅ የፈለገ መሰለኝ። ፊቱ ግን አመድ ነበር።

«አልገባኝም» አልኩት።

«ያ ደብተሬ ላይ የነበረው አድራሻ ‹እዚህ ስክሪን ላይ ክፈት› ማለት ነው። እኔ ‹እዚህ› ማለት እኔ ጋ መስሎኝ። ፕሮግራሙ የሚሠራው ግን እዚያ ነው፤ ለእሱ ‹እዚህ› እዚያው ነው። ካርታዎቹ ተከፍተዋል፣ እማማ። አሥራ ዘጠኙም። አንድ ሰው ፊት፣ ሩቅ ክፍል ውስጥ።»

«እንዴት የሰው ስክሪን ላይ ይከፈታል? ቁልፍ የለውም?»

«ሁላችንም የምንገባው በአንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል ነው። ለአሠራር እንዲመች ተብሎ። ኮምፒውተሩ እኔንና ሰውየውን አንድ ሰው አድርጎ ነው የሚያየን።»

በሬን ይዤ ቆምኩ። እኛ አንሶላ ላይ አፍጥጠን፣ መሬታችን እየተከፈተ የማያውቀን ሰው ፊት ሲወድቅ ታየኝ። «ለምን ለእኔ ነገርከኝ?» አልኩት።

«‹አዎ› ኖሮት ፊርማ የሌለው የእርስዎ ብቻ ነው። የሌሎቹን የተፈረመ ወረቀት ይዘው ዝም ሊያሰኙኝ ይችላሉ። የእርስዎን ግን ባየሁት ቁጥር…» አልጨረሰውም። «ሰኞ ይምጡ። እኔም እመሰክራለሁ። ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም።»

ሰኞ ሄድኩ። ሐጂን ከሱቁ ጎትቼ ይዤው ሄድኩ፤ የቀኝ ጎረቤቴ ነውና ማየት አለበት። ባለሙያው ኃላፊው ፊት ላፕቶፑን ከፈተ። ያንን አድራሻ አጠፋው። ዋናው ኮምፒውተር ላይ ሥዕል የመላክ ፈቃዱ ተዘግቶ ኖሯል፤ እዚያ ላሉት ነግሮ ጠዋት አስከፍቶት ነበር። ያችን «ሥዕሉንም ይዘህ ና» የምትለዋን ፊደል ጨምሮ ገባ። መጀመሪያ ሁለቱን ዓይኖች ጠራቸው።

መጡ። ትልልቅ፣ ክብ፣ ነጭ ዓይኖች፤ ጥቁሯ ብሌን ባለሙያው ስክሪኑ ላይ ያለውን ቀስት ወዳንቀሳቀሰበት ትዞራለች። ሐጂ «አዑዙ ቢላህ» ብሎ ወደ ኋላ አለ። ማንም አልሳቀም።

ዓይኖቹን ዘግቶ ቁጥሬን መታ። ከአራት ወር በኋላ ካርታዬን አየሁት። ቤቴ ትንሽ አራት ማዕዘን ነው። እንሰቱ አለ። መስመሩ ከእንሰቱ በታች፣ ልክ ሰዎቹ ጫማቸውን አይተው የተመለሱበት ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ተሠምሯል። ከመስመሩ በታች ምንም አልተጻፈም። ከካርታው ግርጌ «ድንበሩ ትክክል ነው?» የሚል ጥያቄ፣ ከጎኑ «አዎ» እና «አይ»።

«ሐጂ፣ ትክክል ነው?»

ሐጂ ረጅም ጊዜ አየ። «አይደለም» አለ። «ጅረቱ ድረስ የእርስዎ ነው። እኔም ጅረቱ ድረስ ነኝ።» ከዚያ በትንሽ ድምፅ፣ «የኔንም ምታልኝ» አለው ባለሙያውን። የእሱም ከቡናው በላይ ተቆርጧል። የፈረመበት ወረቀት ከፋይሉ ጋር ተያይዞ ተቀምጧል። እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ኃላፊው የምንለውን ሁሉ ሰማ፤ አልካደም። «ስሕተት መኖሩን አይቻለሁ» አለ። «ግን የመቃወሚያው ጊዜ አልፏል። ከመስመሩ በታች ያለው በክፍት ቦታነት ተመዝግቦ ለሌላ ተላልፏል። እኔ የምመልሰው ነገር የለኝም።»

«ለማን ተላለፈ?»

«ያ በእኔ ደረጃ አይደለም።»

መስታወቷ የጠቆረችውን መኪና አሰብኩ። ከሳምንት በፊት ከጅረቱ ማዶ ወደ እኛ ወገን ተሻግራ ነበር የቆመችው።

«እሺ» አልኩት። «መሬቱን ካልመለስክ መልስ ስጠኝ። በስሜ ‹አዎ› ያለውን ሰው አገናኘኝ።»

«ምን ይጠቅምዎታል?»

«ሰፈሩ እኔ ነኝ እያለኝ ነው። እኔ አለመሆኔን ከአፉ እሰማለሁ። ሐጂም ይሰማል። እስከዚያ ከዚህ ወንበር አልነሣም።»

አልተነሣሁም። ምሳ ሰዓት ደረሰ፣ ጸሐፊዋ ቁልፏን ይዛ ቆመች፣ እኔ ቁጭ እንዳልኩ ነኝ። ባለሙያው ኃላፊውን ሳያስፈቅድ ስልኩን አወጣና ደወለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሰውየው አነሣ። የጎልማሳ ድምፅ ነው፣ ክፉ ሰው አይመስልም። ባለሙያው ነገሩን አስረዳው፤ ያን ቀን አምስት ሰዓት ላይ ስክሪኑ ላይ የመጡትን ካርታዎች ያስታውስ እንደሆነ ጠየቀው።

«አስታውሳለሁ» አለ። «ተራ በተራ ይመጡ ነበር። ሪፖርት እየጻፍኩ ነበር።»

እኔ ወደ ስልኩ ጎንበስ አልኩ። «ልጄ፣ ከነዚያ አንዱ የኔ መሬት ነው። እኔን አታውቀኝም፣ መሬቴንም አታውቀው። በስሜ ለምን ‹አዎ› አልክ?»

የሌላ ስልክ ጥሪ ከጀርባው ይሰማል። ከዚያ መለሰልኝ።

«እማማ፣ ጽሑፌን እየሸፈነ አስቸገረኝ። ‹አይ› ስለው ‹ምክንያት ጻፍ› ይለኛል። ‹አዎ› ስለው ይጠፋል።»